የቀነኒሳ ደጋፊ በኢሉባቦር

የቀነኒሳ በቀለ ደጋፊ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ቴሌቪዥን ካለበት ቡና ቤት ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ በአብዛኛው ወንድና ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ተመልካች ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአርሴናልና ከማንቸስተር ደጋፊዎች ጋር ተደባልቆ ስለሚኖር በመልክ አይለይም። ማንነቱ የሚገለጠው ቀነኒሳ ማራቶን በሚሮጥበት ቀን ነው፤ ይኸውም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ባቱን ካላመመው።

የአቴንስና የቤጂንግ ኦሊምፒክ ዘመን በዚህ ጥናት አይካተትም። ቀነኒሳ በ1996 ዓ.ም. በ10 ሺህ፣ በ2000 ደግሞ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ አገር በሙሉ ደጋፊው ስለነበር ደጋፊነት ሙያ አይጠይቅም ነበር። ሙያ የሆነው ከ2006 ወዲህ ነው፤ ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2፡05፡04 አሸንፎ ሰውን ካሳመነ በኋላ፣ አንዴ አቋርጦ፣ አንዴ ሦስተኛ ወጥቶ፣ አንዴም ጭራሽ ሳይነሳ ቀርቶ ትዕግሥት ማስተማር ሲጀምር።

የደጋፊው ዋነኛ የምርምር መስክ ሁለት ሰከንድ ናት። በ2012 በመስቀል ማግስት በርሊን ላይ ቀነኒሳ 2፡01፡41 ገባ፤ የኤሊዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን 2፡01፡39 ነበር። አንደኛው ወገን፣ ተፎካካሪው ብርሃኑ ለገሰ ጥሎት የሄደ ጊዜ ቀነኒሳ ትንሽ ባያመነታ ኖሮ ይላል። ሁለተኛው ወገን ነፋሱን ይከሳል። ሦስተኛውና ቁጥሩ የማይናቀው ወገን የጀርመንን ሰዓት ይጠረጥራል። ሁለት ሰከንድ በመቱ ለሌላ ለምንም ጉዳይ ተቆጥራ አታውቅም፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እንኳ የሚዘገየው በሰዓት ነው።

መብራት የሚጠፋው 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚለው እምነት በሰፊው ይገኛል። የተቀረው ውድድር በስልክ ይጣራል፤ መልሱ ከደስታ ወይም ከዝምታው ርዝመት ይታወቃል። በ2016 ዐቢይ ጾም ለንደን ላይ ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ፣ ከኬንያዊው ሙቲሶ 14 ሰከንድ ዘግይቶ፣ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጣ። ያን ዕለት ደጋፊው ከ40 ዓመት በላይ የሚባል የክብረ ወሰን ዘርፍ መኖሩን ያወቀ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘርፍ አይጠቅስም።

ለጥናቱ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ የሰጠው የዚያው ዓመት የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ነሐሴ 4 ቀን ታምራት ቶላ በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ፤ ቡና ቤቱ በሆታ ተናወጠ። ደጋፊው አጨበጨበና ተቀመጠ፤ የሚጠብቀው ሰው ገና መንገድ ላይ ነበር። ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ በ2፡12፡24 ገባ። ኪፕቾጌ ግን ውድድሩን አቋርጦ ነበር። በማራቶን በተገናኙ ቁጥር ኪፕቾጌ ይቀድመው እንደነበር ለሚያውቅ ሰው የዕለቱ ትልቅ ዜና ይህ ነው፤ ደጋፊውም ውጤቱን ያወራው ከወርቁ አስቀድሞ ነው።

ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2012 ክረምትና በ2013 መስከረም የቀነኒሳን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች መስበሩ ይታወቃል። ደጋፊው ጉዳዩን ለጫማ ትቶታል።

ስለ ስንብት የሚሰጠው ትርጓሜ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወረሰ ነው። ኃይሌ በ2003 ኒውዮርክ ላይ አቋርጦ መሮጥ በቃኝ ካለ በኋላ በሳምንት ገደማ ሐሳቡን ቀይሮ እስከ 2007 ሮጧል። በዚህ ሕግ መሠረት ቀነኒሳ ነገ ማቆሙን ቢናገር ዜናው ከባት ሕመም ጋር በአንድ ረድፍ ይመዘገባል።