ሃሚልተን ሆይ፣ ጀሞ ናና ተማር

ፎርሙላ ዋን ውስጥ አንድ ሹፌር ቡድን ሊቀይር ነው ከተባለ ዓለም ይታመሳል። ሉዊስ ሃሚልተን ማክላረንን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2013 መርሴዲስ ሲገባ ተሳሳተ ያሉት ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን እዚያው 6 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈርናንዶ አሎንሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ከሬኖ ጋር ዋንጫ ካነሳ በኋላ ማክላረን ገባ፣ ሬኖ ተመለሰ፣ ፌራሪ ሄደ፣ እንደገና ማክላረን፣ ከዚያ አልፒን፣ ከዚያ አስተን ማርቲን። ሦስተኛዋን ዋንጫ እስካሁን አላያትም። ምስኪኖች! ከገንዘብና ከድል የቱን እናስቀድም እያሉ ወኪል ያሰማራሉ፣ ጠበቃ ይቀጥራሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብቅ ቢሉ ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ምሽት በተቃለለላቸው ነበር።

የኛ ሰው፣ የሚኒባስ ታክሲው ሹፌር፣ ቡድኑ ታፔላው ነው፤ መስመሩ የተጻፈበት ሰሌዳ። የአዲስ አበባ ሚኒባስ በመስመር ተመድቦ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ማልያም አለው፣ ሜዳም አለው። ጠዋት ተራ አስከባሪው ቆሞ ሲያየው ለማልያው ያለው ታማኝነት ያስቀናል። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ግን የዝውውር መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል።

ሜክሲኮ ላይ ነን። ታፔላው "ጀሞ" ይላል፤ ረዳቱ "ሳር ቤት! ሳር ቤት!" ይላል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት፣ "ልጄ፣ ጀሞ አትሄዱም እንዴ?" ሲሉት፣ "ማዘር፣ ሳር ቤት ብቻ ነው" ብሎ በሩን ይይዝላቸዋል። ጨዋ ነው። ሳር ቤት ሲደረስ ሁሉም ይወርዳል። መኪናው ጥቂት ፈቀቅ ይልና፣ "መካኒሳ! ጀርመን አደባባይ!" እናት እየሮጡ ይመለሳሉ፤ ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው ዘንቢል፣ አዲስ ሂሳብ። ጀርመን አደባባይ ላይ ሦስተኛው ቡድን ይጠብቃቸዋል፦ ጀሞ። በአንድ ምሽት ሦስት ዝውውር! አሎንሶ ይህን ለማድረግ ስንት ዓመት ፈጀበት?

ምስጢሩን ለፎርሙላ ዋን ሰዎች እንንገራቸው። ታሪፉ በርቀት የተሸነሸነ ነው፤ የሦስቱ አጫጭር ጉዞዎች ድምር ከአንዱ ረዥም ጉዞ ይበልጣል። ሃሚልተን ለማሸነፍ ውድድሩን መጨረስ አለበት፤ የኛ ሰው የሚያሸንፈው ባለመጨረሱ ነው። ገንዘብ ወይስ ድል የሚለው ጭንቀት እዚህ ጀሞ ድራሹ ጠፍቷል።

ሹፌሩን ብቻ እንዳላሞግስ። ከበስተጀርባው ባለንብረቱ አለ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀን ገቢውን የሚጠብቅ የቡድን መሪ። ዝናብ ይጣል፣ መንገድ ይዘጋ፣ ማደያው ላይ ግማሽ ቀን ሰልፍ ይዋል፣ ገቢው አይቀነስም። ከገቢው የተረፈ ለሹፌሩ ነው፤ ካልተረፈ ደግሞ መኪናዋን ነገ የሚይዝ ሌላ ሹፌር አይጠፋም። እንዲህ ያለ ውል ላይ የፈረመ ሰው ለታፔላ ታማኝ ይሁን ማለት ቀልድ ይመስለኛል። ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ብቻ ረዳቱ በድንገት ማልያውን ያስታውሳል፦ "ጀሞ በቀጥታ! ጀሞ በቀጥታ!"

እኛ ደጋፊዎቹም አናንስም። "ለምን ቆረጥከው?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከተገኘ፣ የተቀረነው "ኧረ እንሂድ፣ መሽቷል!" ብለን እናሳፍረዋለን። ከዚያ ብራችንን ቆጥረን እንሰጣለን።

ታሪፍ የምታወጡ ክቡራን፦ ቅጣት ስታባዙ ከርማችኋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሂሳቡን ሥሩት። ከሜክሲኮ ጀሞ በቀጥታ የደረሰ ሹፌር ቆራርጦ ከደረሰው የማያንስ ብር ይዞ ቤቱ ይግባ። ባለንብረቶችም የቀን ገቢውን ከቀኑ ጋር አስተያዩት። እስከዚያው፣ ማታ ሜክሲኮ የምትሰለፉ ጎረቤቶቼ፣ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ሦስት ቦታ ትከፍላላችሁ።