ስንት ፐርሰንት ቀረህ?

መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቦሌ ወርዶ እንግዳ መቀበል ስሌት ይፈልጋል። ድሮ «አውሮፕላኑ አረፈ ወይ?» ነበር የሚባለው። አሁን መኪናው በኤሌክትሪክ ነውና «ስንት ፐርሰንት ቀረህ?» ይቀድማል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ዘመድ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውርዶ መኪናውን ሲሞላ ያድራል። መብራት ከሄደ፣ ሲሳቅባት የከረመችው ሰማያዊ ላዳ ትለመናለች።

ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ በረራው በዘገየ ቁጥር ባትሪ እንዳያልቅ ሬዲዮና ማቀዝቀዣ ይዘጋሉ፤ አብረው የመጡት ልጆችም በሙቀት ይቀቀላሉ። እንግዳዋ እትዬ በመጨረሻ አራት ሻንጣ እየገፉ ብቅ ሲሉ፣ ሹፌሩ ከእሳቸው በፊት ሻንጣዎቹን በዓይኑ ይመዝናል።

ደግነቱ ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2017 ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ 16 መኪና በአንዴ የሚሞላ ጣቢያ ከፍቷል። ክፍያው በቴሌብር ነው። ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡት እትዬም እቅፍ አበባቸውን ይዘው ከአየር ማረፊያው ውጪ የአገራቸውን ምድር መጀመሪያ የሚረግጡት እዚያ ወረፋ ላይ ነው። ዶሮ ወጡ ቤት ይጠብቃል።

አዲሱ አየር ማረፊያ ቢሾፍቱ ላይ ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል፣ ተጓዥ ለመሸኘት ቁልቁለቱ ባትሪ ይቆጥባል። ዳገቱ የተተወው ለተመላሽ ነው፤ ያውም ከነሻንጣው።