ዘሌዋውያን እስከሚመቸኝ ድረስ

ግመል በልቼ አላውቅም። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ከኦሪት ሕግ ሳላዛንፍ የፈጸምኩት ይኼንኑ ነውና። ጥንቸልም፣ ሽኮኮም፣ አሳማም ወደ አፌ ዞር ብለው አያውቁም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የማያመሰኳውን ወይም ሰኮናው ያልተሰነጠቀውን እንስሳ አትብሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አንዱንም አልነካሁም። በቀወት ወረዳ «ሽኮኮ ጥበሱልኝ» ብሎ የሚያዝ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ፈተናው ከባድ ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል።

ግመሉ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። የእኛዋ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የጣርማበርን ብርድ ከኋላ ጥለው የሚደርሱባት የይፋት ቆላ ናት። በስተምሥራቅ የአፋር ሜዳ ነው፤ ወደ ሰሜን ጥቂት ከፍ ሲባል ደግሞ ሰንበቴ አለች፣ እሑድ እሑድ ግመል የሚሸጥባት። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ስለ ግመል ሥጋ ጥፍጥና ሲያወሩ እኔ ምዕራፍና ቁጥር እጠቅሳለሁ። አንድ ቀን አብሮ አደጌ፣ ቁርኣኑን በደንብ የቀራ ሰው ነው፣ ሰምቶ ሰምቶ ሰለቸውና «ወንድሜ፣ ይኼ መጽሐፍህ ከግመል በፊት ምንም አይልም?» አለኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ይላል እንጂ! ምዕራፍ 3 ሲያበቃ ስብም ደምም እንዳይበላ ይከለክላል። ምዕራፍ 7 ደግሞ የማን ስብ እንደሆነ ሳይቀር ይቆጥራል፦ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል። የእኔን ማዕድ ነው የዘረዘረው! ግመሌን በከለከለልኝ መጽሐፍ፣ ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ፣ ጮማዬ ተከልክሎ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ የሆዴ ጠበቃ ብድግ አለ። ሆዴ ጠበቃ አለው፤ ከእኔ ይልቅ መጽሐፍ ያነበበ፣ እንቅልፍ የማያውቅ። «የተከለከለው» አለ፣ «በመሠዊያው ላይ ይቃጠል የነበረው፣ ሆድ ዕቃውንና ኩላሊቱን የሚሸፍነው ሞራ ነው። ሻኛን ማን ጠራው? ከሥጋው ጋር የተዋሐደውን ስብ ሕጉ አይመለከተውም።» እንዲህ የሚሉ ሊቃውንት በእርግጥ አሉ፤ ጠበቃዬ ባዶ እጁን አይመጣም። «ደሙስ?» ብለው፣ «በሬው ሲታረድ ፈሷል። ሳህኑ ላይ የሚንጠባጠበው ቀይ ነገር ውኃና ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው» አለኝ። ከተማርኩት ሳይንስ ሁሉ በቃሌ የቀረው ይኸው ማዮግሎቢን ብቻ ነው፤ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።

ጠበቃው የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ጮማውን ስበላ «ዘመኑ አዲስ ኪዳን ነው፤ ጴጥሮስ እንኳ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያን ሁሉ እንስሳ የያዘ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ አይቷል» እላለሁ። ግመሉ ሲመጣ «በኦሪት ተከልክሏል» እላለሁ። በጮማ ሐዋርያዊ፣ በግመል ኦሪታዊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከኦሪት ያቆየችው ብዙ ነገር እንዳለ፣ ለዚያም የራሷ ምክንያት እንዳላት አውቃለሁ። የእኔ ግን ምክንያት አይደለም፣ ምራቅ ነው። ምራቄን ያላመጣልኝ ሁሉ ሕግ ይሆናል፤ ያመጣልኝ ሁሉ ጸጋ።

እግሬ ክርክር አይሰማም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሌሊት የቀኝ አውራ ጣቴ መገጣጠሚያ ቀልቶ አብጦ አደረ፤ በዚያ ሙቀት የተከናነብኳት ስስ ነጠላ ስትነካው እንኳ ታስጮኸኝ ነበር። ሐኪሙ አይቶ አላመነታም፤ ሪህ ነው። ሥጋ፣ ይልቁንም ጉበትና ኩላሊት፣ ቢራም ሲታከልበት፣ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ይበዛል። ከመጠን ሲያልፍ መገጣጠሚያ ውስጥ ጥቃቅን ስለታም ክሪስታል ሆኖ ይጠራቀማል። «በድሮ ጊዜ የነገሥታት በሽታ ይሉት ነበር» ሲለኝ ከሕመሙ ጋር ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። «ሥጋ ለጊዜው ያቁሙ፤ ዱለት ጭራሽ አይቅመሱ» ሲለኝ ግን ንግሥናው በአፍንጫዬ ይውጣ አልኩ።

ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነበር። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ እያነከስኩ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ሐኪም ሥርዓት እንድሽር አዞኛል ብዬ ልከስ።

«አባቴ፣ በዓለ ሃምሳን መጾም ይገባል?»

«አይገባም ልጄ።»

«እንግዲያ ሐኪሙ ሥጋ ተው ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»

አባ ወደ እግሬ አዩ። እብጠቱ ስላላስገባው የነጠላ ጫማዬን ማሰሪያ በምላጭ ቆርጬዋለሁ። «አትጹም ተባለ እንጂ በሬውን ጨርስ አልተባለም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

በጾም በኩል እንኳ ስሜ መልካም ነው። ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል ይባላል፤ እኔም ሰባቱን አጽዋማት በቅደም ተከተል እጠራለሁ፣ ሥጋም አልነካም። ታዲያ የዓመቱን እኩሌታ ሥጋ የማይበላ ሰው ሪህ እንዴት ያዘው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ምስጢሩ ያለው ድንበሩ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከፊቱ ቅበላ፣ ከኋላው ፋሲካ ቆመዋል። በቅበላ ለሚመጣው ጦም እሰንቃለሁ፣ በፋሲካ ላለፈው እካሳለሁ። በመሃል ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም ብዬ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰዓት ሳይ እውላለሁ፤ ዘጠኝ ሲሞላ ዘይት የጠጣ በየዓይነቱ በድርብ እንጀራ ይቀርብልኛል። ቢራውን ጠበቃዬ ፈቅዶታል፤ ገብስ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እውነተኛ ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ይናገራል። በእኔ ቤት የሚሰበረው የልጆች ቅስም ነው፤ በጾም ቀን ከቀትር በኋላ እኔን ቀና ብሎ የሚያናግር የለም።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ላይ ደግሞ ዘመዶቼን አገኘሁ። እስራኤላውያን በበረሃ መና እየወረደላቸው ሥጋ አማረን ብለው በየድንኳናቸው ደጃፍ ያለቅሳሉ። ግብፅ ሳሉ የበሉትን ሲያስታውሱ የሚያነሡት ዓሣውን፣ ሐብሐቡን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ነው። የነሱ ሽንኩርት እኛ ዘንድ በመንገድ ዳር በጆንያ ተቆልሎ የሚያልፈውን አውቶቡስ ይጠብቃል። የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣው ማሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሰጥ፣ በየጓሮው ማንጎና ፓፓያ ይበስላል። ሕዝበ እስራኤል ያለቀሱለት አትክልት መሃል ተቀምጬ እኔም እንደነሱ ሥጋ፣ ሥጋ ይለኛል። መጨረሻቸው አያምርም፤ ድርጭቱ በገፍ ወረደላቸው፣ ሥጋው ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሠፍት መጣ፤ ቦታውም የምኞት መቃብር ተባለ። ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት ስቴኪኒ ይዤ ነበር።

ዔሳውንስ? ብኩርናን ያህል ነገር በምስር ወጥ ሸጠ፤ በጾም ምግብ! ክትፎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እረዳው ነበር።

ሪሁ ጋብ ሲልልኝ ዳንኤልን ልከተል አሰብኩ። ዳንኤልና ጓደኞቹ የባቢሎንን ንጉሥ ማዕድ ትተው ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ቀምሰው ከሌሎቹ ብላቴኖች ይልቅ ፊታቸው አምሮ ተገኝተዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ ከቀወት የተሻለ አገር የለም፤ የማሾ አገር ነው። እኛ ዘርተን ባሕር ማዶ የምንሰደውን ማሾ ባለቤቴ በሽንኩርትና በእርድ አሳምራ ሠራችው፤ እውነቴን ነው፣ ጣፈጠኝ። እግሬም ቀለለኝ። ዳንኤል ግን በባቢሎን ክርስትና የሚያስነሣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አልነበረውም። «ቀርተህ እንዳታስቀይመኝ» አለኝ ሰውየው። ወንድምን ማስቀየም ኃጢአት ነው፤ ሄድኩ። ፊቴ ሳያምር ወደ ንጉሡ ማዕድ ተመለስኩ።

የአብሮ አደጌን ልጅ ሠርግ ሳልናገር ባልፍ ኑዛዜዬ ጎዶሎ ይሆናል። ይፋት ውስጥ ድግስ ሲደገስ እርዱ ሁለት ነው። ሙስሊሙ ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ ከብት ለይቶ ለክርስቲያን አራጅ ያስረክባል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊም እንግዶቹ እንደዚያው። ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ወጥ ሠሪዎቹም ይለያሉ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሥጋ ገበያ የተሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ ብሎ ጽፏል። እኛ መመራመሩን ባንተውም፣ አንዱ የሌላውን ድስት አስቦ ማዘጋጀቱን አውቀንበታል፤ በዚህ በዚህ ቆሮንቶስን ሳንበልጣት አንቀርም። ያን ዕለት ለእኛ የታረደው ፍየል ነበር፣ ደህና ፍየል፣ ግን ቀጭን። ከወዲያኛው ዳስ የሰንጋ ጥብስ ሽታ በቆላው ነፋስ እየተመላለሰ ይመጣል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ስቡ ምጣዱ ላይ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ሳላውቀው ወንበሬን ወደዚያ አዙሬያለሁ።

በዚያች ሰዓት ከመቀመጫዬ እንዳልነሣ ያደረገኝ ሃይማኖቴ አልነበረም። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች ግራና ቀኜ ተደርድረው ነበር፤ እነሱን ፈርቼ ነው። ሙሽራውን የዳረው ወዳጄ «የጎደለ አለ?» እያለ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ፣ ዓይኔ የት እንደሄደ አየ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «አይዞህ፣ ያም ግመል አይደለም» አለኝና እየሳቀ አለፈ። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 የሚበላውም በማይበላው ላይ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርዱ ይመክራል። እኔ በሁለቱም ወገን ተሰልፌ ፈርጃለሁ፤ ግመል የሚበላውን ንቄ፣ ለጤናው ሲል ሥጋ የተወውን ባልደረባዬን ደግሞ «ምነው፣ ደመወዝ አልደረሰም?» ብዬ።

ሳይንሱም ቢሆን ከጠበቃዬ አላመለጠም። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር ያመጣል፣ ቀይ ሥጋ ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መደበ። ጠበቃዬ «ሳያመጣ አይቀርም» የምትለዋን ይዞ «እርግጠኛ አይደሉም» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የኮሶ ትሉንም ጉዳይ እንዲሁ፤ አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ በየሁለት ወሩ የዛፉን ኮሶ ይጠጡ ነበር፣ ዛሬ ፋርማሲ አለ።

አንድ ትእዛዝ ግን ቃል በቃል እፈጽማለሁ። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 23 ከሥጋ በላተኞችና ከወይን ጠጪዎች ጋር አትቀመጥ ከማለቱ በፊት፣ ከመኳንንት ማዕድ የቀረበ ሆዳም ሰው ቢላዋ በጉሮሮው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ቁርጥ ሲበላ የታየ ሰው ይመስክርልኝ። ረዘም ያለውን ሥጋ በግራ እጄ እይዛለሁ፣ ጫፉን አዋዜ አስነክቼ በጥርሴ ነክሼ እወጥረዋለሁ፤ ከዚያ ቢላዋውን ከከንፈሬ ሥር ሽቅብ ሳብ። ከስለቱ እስከ ጉሮሮዬ ስንዝር አይሞላም። ሰሎሞን ያዘዘው ይኼንን ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ይላል ጠበቃዬ።

ሰሞኑን በሰፈራችን ለዘመን መለወጫ የቅርጫ በሬ እየተዋጣ ነው። ለሐኪሙ ቃል ስለገባሁ በመዝገቡ ላይ ስሜ የለም። መደቡ የተያዘው በባለቤቴ ስም ነው፤ እሷ ሥጋ ብዙም አትወድም።