የጣና ዳር አጃቢ ገጸ ባሕርያት፦ ስርጭታቸው፣ አመጋገባቸውና አሟሟታቸው

ስለ ጣና ዓሦች፣ ስለ ወፎቹና ስለ ደንገሉ ብዙ ተጠንቷል። እንቦጭ እንኳ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የለካው፣ የመዘነውና ወርክሾፕ የተቀመጠበት ባለሙያ ብዙ ነው። በዳርቻው በብዛት ከሚገኙ ፍጥረታት መካከል አጥኚ ያጣው አንድ ብቻ ነው፤ በባሕር ዳር ካፌዎች በመጻፍ ላይ ባሉ ልብ ወለዶች ውስጥ የሚኖረው አጃቢ ገጸ ባሕርይ። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተደርጓል።

የጥናቱ ወሰን ያላለቁ ልብ ወለዶች ናቸው። በከተማዋ ያለቀ ስለማይገኝ አይደለም፤ ያላለቀው ስለሚበዛ ነው። መረጃ ለመሰብሰብ በመጀመሪያ የጽሑፍ መጠይቅ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ደራሲ መጠይቅ ሲሰጡት ጀርባው ላይ ግጥም ጽፎ ይመልሳል። ስለዚህ አጥኚው ከጎን ጠረጴዛ ተቀምጦ መስማትን መረጠ። በመጻፍ ላይ ያለ ልብ ወለድ በዝምታ አይጻፍም፤ ቀድሞ ለጓደኛ ይተረካል። ጓደኛውም ማኪያቶ የሚጋበዘው ለዚሁ ነው።

እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ክብ ብሎ ለሁለት ከፍሏቸዋል። ክፍፍሉ ለእንግሊዝ ይበቃ ይሆናል። በጣና ዳር ግን ሦስተኛ ወገን አለ፤ ጠባቂው። ጠባቂ ገጸ ባሕርይ ዋናው ሰው ልቡ ተሰብሮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሲመጣለት አንድ ጥልቅ ነገር ይናገራል። ከዚያ ወይ ይሞታል፣ ወይ ይረሳል። ዋናው ሰው ሙያው ደራሲነት መሆኑን መግለጽ አስፈላጊ አይመስልም።

ከጠባቂዎች ሁሉ በብዛት የተመዘገበው ታንኳ ቀዛፊው ነው። «አያ» የሚል ማዕረግ አለው፤ ከማዕረጉ በኋላ ግን ስም አይከተልም። ዕድሜው ከሰባ በታች ሆኖ አያውቅም። አድማስ አድማሱን እያየ «ውሃ የሄደበትን አይረሳም» የሚል ዓይነት ነገር ይናገራል። አጥኚው ለማነጻጸር ያህል ወደ ዳርቻው ወርዶ እውነተኛ ቀዛፊ ተመልክቷል። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ አድማሱን አላየም፤ ያየው በእንጨቱ ዋጋ የሚከራከሩትን ሴትዮ ነው። ጭነቱን እንዳራገፈ ታንኳውን ተሸክሞ ወጣና ፀሐይ እንዲመታው አቆመው። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ካልደረቀ ይከብዳል፤ እየደረቀም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ ይበሰብስና ሌላ መታሰር አለበት። በጥናቱ ከተዳሰሱት ረቂቆች ውስጥ ታንኳው የረጠበበት አንድም የለም። አያ ግን አዘውትሮ ይሰጥማል። በመጽሐፉ ወገብ ላይ፣ ሌሊት፣ በማዕበል። ሐይቁ ላይ ያረጀው ሰው ሰጥሞ ዋና የማይችለው እንግዳ የሚተርፍበትን ምክንያት የውሃ ምህንድስና አያስረዳም፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ግን «ጸጸት» የሚል ርዕስ ስላለው አንድ ሰው መሞት ነበረበት።

ሁለተኛው መነኩሴው ናቸው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳም ከስለላ ጋር አገናኝቶ አንባቢ ከተሻማበት ወዲህ፣ ምስጢር የማይጠብቁ መነኩሴ በረቂቅ ውስጥ መግባት አቁመዋል። አባ ጎመን አይኮተኩቱም፣ ማኅሌት አይቆሙም፣ እግራቸውን አያማቸውም፤ ብራና ይዘው ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ፍቅር ጸሐፊዎችን የሚያስቸግር አንድ እውነታ አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ብራናውን ክብራን ላይ የቀበረ ደራሲ ጀግናይቱን የት ያድርጋት? አንዱ ጀልባ ላይ ትቷት ምዕራፉ እስኪያልቅ ረስቷት ነበር። ሌላው፣ ነገሩ ገብቶት፣ ገዳሙን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አዛወረው፤ የክብራንን ሥዕሎችና መነኩሴውን ግን አብሮ ጫናቸው። የዑራ አባቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ጥናቱ ሊገምት አይደፍርም።

አመጋገብን በሚመለከት፣ አጃቢ ገጸ ባሕርያት አይበሉም። ያቀርባሉ። የሚበላው ዋናው ሰው ነው፤ የሚበላውም «ዓሣ» ነው። ቀረሶ ይሁን አምባዛ፣ ለብለብ ይሁን ጉላሽ አይገለጽም። ረቡዕ ዕለት ሲበላም ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ በየትኛውም የከተማዋ ምሳ ቤት «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም» የሚል ቢያንስ የሩብ ሰዓት ክርክር ያስነሳ ነበር። ከዚያ ክርክር ብቻ አምስት አጃቢ ገጸ ባሕርያት በነፃ ይገኛሉ። የወሰደ ግን አልታየም።

መቼቱም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ሐይቁ በስተ ሰሜን ነው፤ ዋናው ሰው ግን ፊቱን ወደ ሐይቁ መሐል አዙሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ስላለበት በአንዳንድ ረቂቆች ፀሐይዋ በሰሜን ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ ትጠልቃለች። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከእንግዳ ተቀባይነቱ ብዛት ሚያዝያ ላይ ጢሱን እያትጎለጎለ ፍቅረኞችን ያስታርቃል። በእውነተኛው ሚያዝያ ውሃው ሌላ ሥራ አለበት። ከፊሉን የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ይጠልፉታል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ ስቦ ወደ በለስ ይለቀዋል። ገደሉ ላይ የቆሙት ፍቅረኞች የሚያገኙት ድንጋይና አስጎብኚ ነው። አጥኚው እዚህ ላይ የግሉን አስተያየት ቢሰጥ፣ ውሃው መብራት ሆኖ የሄደበት ፏፏቴ ፊት የሚጣሉ ሁለት ሰዎች ከሚታረቁት ይልቅ መነበብ ይገባቸዋል።

ለዚህ ሁሉ ታሪካዊ ሥር ተፈልጎ ተገኝቷል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ላይ የተወለደ፣ የጣና ልጅ ነው። ዘጌ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉባት የሚባልላት፣ መቼት ተሠርቶ የተቀመጠባት ምድር ናት። አፈወርቅ ግን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው፣ ታሪኩ የተፈጸመበትን አገር ስም እንኳ አይነግረንም። በዚያው መጽሐፍ አንድ ነጋዴ አለ፤ የማያውቀውን ምርኮኛ ቤዛ ከፍሎለት ማንነቱን ሳይናገር ይሄዳል። የምርኮኛው ልጅ ዋህድ ከቤቱ የሚወጣው ይህን ሰው ፍለጋ ነው፤ መከራው ሁሉ የሚመጣው በዚሁ ነው። የልብ ወለዳችን ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ መቼቱን ባልጠራ የሐይቅ ልጅና ስሙን ባልተናገረ አጃቢ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ስም የሌለው «አያ» የሚጽፍ ወጣት ቅርስ እየጠበቀ መሆኑን ቢናገር ማን ይከራከረዋል?

የተቃራኒው አደጋም ከጎጃም ራቅ ብሎ አይገኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ አጃቢ በዝንጋታ አናገሩ። ካሣ ዳምጤ ይባላል፤ አገር «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ሰውዬው ዕድሉን ሲያገኝ አልተመለሰም። የፊውዳሉን ሥርዓት ተቸ፣ የተማረውን ከነባሩ አጋጨ፣ በመጨረሻም የሁለት ፍቅረኞች ርስት በሆነው መቃብር ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ዛሬ የዋናውን ሰው የበዛብህን ንግግር በቃሉ የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ጉዱ ካሣን የሚጠቅስ ግን በየስብሰባው አለ። የባሕር ዳር ደራሲያን ይህን ያውቃሉ። አጃቢዎቻቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያሰናብቱት ባለማወቅ ሳይሆን በጥንቃቄ ይመስላል።

የባጃጅ ሾፌሩ (ፈላስፋ፤ «ኮንትራት ነው?» ብሎ አያውቅም) እና በዓባይ መውጫ አካባቢ ሁልጊዜ በወሳኙ ሰዓት ብቅ የሚለው ጉማሬ ለብቻቸው ጥናት ስለሚገባቸው እዚህ አልተዘረዘሩም።

ቀሪዋ ቡና ሻጯ ናት። አጥኚው ከጎን ጠረጴዛ ሆኖ፣ አንድ ደራሲ እውነተኛዋን ቡና ሻጭ ሲያማክራት በጆሮው ሰምቷል።

«እህቴ፣ ልብ ወለዴ ውስጥ አስገብቼሻለሁ።»

«እሰይ! ምን እያደረግሁ?»

«ቡና እያፈላሽ። ዝም ብለሽ ሐይቁን ታያለሽ።»

«ሐይቁን ሳይ ጀበናው አይገነፍልብኝም? ልጆቼንስ ማን ጋ ተውኳቸው?»

«ልጆች የሉሽም።»

«በሞትኩት! ዕቁቤስ?»

ደራሲው ዝም አለ።

«አከራዬን አስገባት እንግዲህ። እሷን ሳታይ እኔን ማንም አያምነኝም። ደሞ ስሜን በትክክል ጻፍ። የሐሙሱን ሒሳብም እዚያው ጻፍልኝ፣ በኋላ ረሳሁ እንዳትል።»

ደራሲው ማስታወሻውን አውጥቶ ብዙ አሰላ። ልጆቹ አንድ ምዕራፍ ይጠይቃሉ፤ ዕቁቡ ሌላ፤ አከራይቱ ከገባች ደግሞ የአከራይቱ ባል መግባቱ አይቀርም። በቅርቡ በተሻሻለው ረቂቅ የቡና ሻጯ ሚና ለጉማሬው ተሰጥቷል።