ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው፣ ሾፌሩ ደግ ከሆነ፣ ሙዚቃ የመምረጥ ሥልጣን አለው። ይህን ሥልጣን ባገኘሁ ዕለት ስልኬን በብሉቱዝ አገናኘሁና ኤንዮ ሞሪኮኔ ለ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» የደረሰውን ለቀቅኩት። (ፊልሙ የ1968 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።) ካራ ቆሬ ሳንደርስ ረዳቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ብራዘር፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ።

ዘፋኝ የለውም ልለው አፌን ስከፍት ኤዳ ዴል ኦርሶ ገባች። እሷ ደግሞ ቃል የላትም፤ ድምፅ ብቻ ናት።

«ይኸው ገባች! ምን እያለች ነው?»

«ምንም አትልም።»

«ታዲያ ምን አስገባት?»

ከኋላ ነጠላ የተከናነቡ እናት በስጋት፣ «ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?» ሲሉ ሾፌሩ ወደ ፍላሹ ተመለሰ።

እናታችንን አልወቅስም። እኛ አገር ሬዲዮ ከማለዳ ጀምሮ ዋሽንት ብቻ ካሰማ አንድ ትልቅ ሰው አርፏል ማለት ነው። ከዚያ ውጪ «ክላሲካል» የምንለው ለሠርግ ቡፌ ወረፋ፣ ለሆቴል ሎቢና ለማስታወቂያ አንባቢ ማጀቢያ ነው። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን እንኳ ስንት ጊዜ በጭልፋ ኳኳታ ተሸፍኗል! የረዳቱ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ሊዮኔ እኮ ሙዚቃውን ያሠራው ከቀረጻው በፊት ነው፤ ተዋንያኑ እየሰሙት እንዲራመዱ በቀረጻው ቦታ ያስከፍተው ነበር። ፊልሙ ነው ሙዚቃውን ያጀበው።

እሺ፣ ሞሪኮኔ ሩቅ ነው እንበል። ሞሪስ ዣርስ? ስሙን የሚያውቅ በሰበታ ስንት ሰው እንዳለ እንጃ፤ ሥራው ያልደረሰበት ግቢ ግን የለም። ረመዳን ሲገባ «ዘ ሜሴጅ» ይከፈታል፤ ፋሲካ ሲቃረብ «ጂሰስ ኦፍ ናዝሬት»። የጎረቤት አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ የአንዱ ቤት ፊልም ለሌላውም ይደርሰዋል። እንግዲህ የሁለቱንም ሙዚቃ የደረሰው ይኸው አንድ ፈረንሳዊ ነው። ሙስጠፋ አቃድ «ዘ ሜሴጅ»ን በ1976 አወጣ፤ የፍራንኮ ዜፊሬሊ «ጂሰስ ኦፍ ናዝሬት» በዓመቱ ተከተለ። ዣር ያኔ ለ«ሎረንስ ኦፍ አረቢያ»ና ለ«ዶክተር ዢቫጎ» ኦስካር የወሰደ ሰው ነው፤ ሦስተኛውን «ኤ ፓሴጅ ቱ ኢንዲያ» በኋላ አመጣለት። በ«ዘ ሜሴጅ» ነቢዩ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። መቅረባቸውን ተመልካቹ የሚያውቀው ለስለስ ባለ የኦርጋን ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ እነሐሊማ ቤት በር ላይ ተደርድረን ስናይ፣ ያ ኦርጋን ሲመጣ ቆሎ የሚያኝክ እንኳ ማኘኩን ያቆም ነበር። ግጥም የለውም፣ ዘፋኝ የለውም፤ ግን ቤት ሙሉ ሰው ጸጥ! ያን ጊዜ «ማን ሞቶ ነው» ያለ አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚያስቀናኝ ተዋናዩ ቢል መሪ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ፣ ዊንስተን የሚባል ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሰውዬው መኪና ይከራይና የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሙላቱ አስታጥቄን ከፍቶ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ይነዳል። «የከርሞ ሰው» ትንቆረቆራለች፤ የሚያቋርጣት የለም። ሙላቱ የጅማ ልጅ ነው። የሰበታ መንገድ ደግሞ የጅማ መንገድ ነው! ፈረንጁ በባዕድ አገር መኪና የኛን ሰው እስኪጠግብ ሰማ፤ እኔ በጅማ መንገድ አንድ ዜማ እስከ ወለቴ ማድረስ አቃተኝ።

ረዳቱስ ምን ያድርግ? ያላስለመድነው እኛው ነን። የአማርኛ ፊልም ግቡ፤ ልጅቷ እንጦጦ ላይ ቆማ ስታለቅስ ከሥር የሚንቆረቆረው ፒያኖ ከሆነ የፈረንጅ ፊልም ተቆርጦ የመጣ ነው። በወሩ ሌላ ፊልም ትገባላችሁ፤ ሌላ ልጅ በዚያው ፒያኖ ታለቅሳለች። የደራሲው ስም የትም የለም። «በጀት የለንም» ይላሉ። ለቀይ ምንጣፉ በጀት አለ፣ ለፖስተሩ አለ፣ ለምርቃቱ ውስኪ አለ፤ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ስቱዲዮ የሚያስገባ ብር ግን የለም! ይሄ ሌብነት ነው፤ ማለስለሻ ስም አልፈልግለትም። ሲቻልማ ታይቷል። ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍን ከፒያኒስቱ ቪጄይ አየር ጋር ሆኖ ሠራና በ2008 በካርቴጅ ፌስቲቫል የምርጥ ሙዚቃ ሽልማት ወሰዱ። ከዚያስ? አጨበጨብን፤ ወደ ተቆራጩ ፒያኖ ተመለስን።

ደሜን ላብርድ። ሾፌሩ ከፍላሹ የከፈተው ዘፈንም እኮ ዘፋኙ ሳይገባ መግቢያው ብቻ የዓለም ገናን ግማሽ ጨርሷል፤ ማንም አልጠየቀም። ዘፋኙ እንደማይቀር ስለሚያውቁ ይሆናል።

ሱሉልታ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ከሲኒማ ራስ ዘመን ጀምሮ የህንድ ፊልም ሰው ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው በሞሪኮኔ ሳቀ። ለሱ ከ«ሾሌ» ሌላ የፊልም ሙዚቃ የለም፤ ማታ ላይ አሚታብ ደጅ ቁጭ ብሎ ሃርሞኒካ ሲነፋ፣ ባሏ የሞተባት ልጅ በረንዳው ላይ ፋኖስ ስታጠፋ። ሙዚቃውን ራሁል ዴቭ በርማን የሠራው በ1975 ነው። የሊዮኔ ፊልምም ሃርሞኒካ የሚነፋ ሰው አለው፣ ያውም በሰባት ዓመት ይቀድማል ብለው፣ «ቀደመ እንጂ መቼ አስለቀሰ?» አለኝ። ቅዳሜ እሱ ቤት ሁለቱንም ጎን ለጎን እየሰማን ልንከራከር ተቀጣጥረናል። ዳኛ እንድትሆነን ባለቤቱን አስበን ነበር፤ እሷ ግን የቱርክ ድራማዋ ከጀመረ ቤት ቢቃጠል አትነሣም።