የጣሪያው ውሃ ፈላ፣ ባለቤቱ «ቡክራ» አለ

በጋው ከገባ ወዲያ ኩዌት፣ ሩማይሲያ ሰፈር ውስጥ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ አይወርድም። ሮቶው ጣሪያ ላይ ያለ አንዳች ጥላ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል፣ ማታ ልጅ ለማጠብ ቧንቧ ስንከፍት እጅ የሚልጥ ውሃ ነው የሚወርደው። ዘዴውን እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሁላችንም ለምደነዋል። ሰኔ ላይ ቦይለሩን እናጠፋለን። ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠው የቦይለር ውሃ አድሮ ይበርድልናል፤ ከዚያ ቀይ ምልክት ካለው ቧንቧ ቀዝቃዛውን፣ ከሰማያዊው የፈላውን እየቀዳን መስከረምን እንጠብቃለን። ለሮቶው ጥላ ይሠራለት ብለን ሐሪሱን (የሕንፃውን ዘበኛ) ስንት ጊዜ ለመንነው! ሐሪሱ ለባለቤቱ ይነግራል፣ ባለቤቱ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» (ነገ፣ አላህ ካለ) ይላል። እሱ «ቡክራ» ሲል እኛ እዚሁ አረጀን።

ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት ቢሆን ቤት ቀይረን በተገላገልን። ግን የትም ብንሄድ ያው ነው፤ ምክንያቱም ለባለቤቱ ቤቱን መጠገን ምንም አያተርፍለትም። በኩዌት የዜጎች መኖሪያ ቤት መብራት ከፈረንጆቹ 1966 ጀምሮ በኪሎዋት ሰዓት 2 ፍልስ ነው። አንድ ዲናር 1,000 ፍልስ ስለሆነ በአንድ ዲናር 500 ኪሎዋት ሰዓት ይገዛል ማለት ነው። በ2017 ታሪፍ ሲሻሻል ለኪራይ የተሠሩት የአፓርታማ ሕንፃዎች ወደ 5 ፍልስ ከፍ አሉ፤ እንደ ሩማይሲያ ያሉ የቪላ ሰፈሮች ግን በነበሩበት ቀሩ። ባለ ቪላው ፎቁን ለእኛ ሲያከራይ «መብራትና ውሃ ከኪራዩ ጋር ነው» ይላል፤ እኛም መጀመሪያ ደስ ይለናል። ቆይቶ ነው የሚገባን። የመስኮቱ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ቅዝቃዜው ቢወጣ፣ ሙቀቱና አቧራው ቢገባ፣ የባለቤቱ ኪስ አይጎዳም። ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል፣ ቤቱ አይቀዘቅዝም፣ አቧራ በነፋ ማግስት ከመስኮቱ ሐዲድ አሸዋ በማንኪያ እናወጣለን።

የእያንዳንዱ ኤሲ ጀርባ ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚተነፍሰው። በሁለት ቪላዎች መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ያየ ያውቀዋል። ከዚህም ከዚያም ኤሲ ትኩስ አየር ይተፋባታል፣ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬቱን አሙልጮታል። የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ልብስ የሚያሰጡት እዚያ ነው። ብዙዎቹ የሚያድሩት ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል ነው፤ ቀን ሙሉ የጋለው ኮንክሪት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቅባቸዋል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2016 ላይ ሚትሪባ በተባለው የኩዌት በረሃ 53.9 ዲግሪ የተመዘገበበት አገር ነው ይህ። እዚህ አገር የጣሪያ ሽፋንና የኤሲ ጥገና ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

ባለቤቱ ያልከፈለው ሒሳብ መውጫው ሌላ ነው። ሰኔ 2024 ላይ አገሪቱ የመብራቱ ፍላጎት ከአቅሟ በላይ ሆኖባት በፈረቃ ማጥፋት ጀመረች። በነዳጅ በበለጸገች አገር ቀትር ላይ መብራት ሲጠፋ ሕፃን ይዛ የተቀመጠች እናት ምን ታድርግ? ውሃውም እንደዚያው ነው። ኩዌት ወንዝ የላትም፤ የምንጠጣው ከሞላ ጎደል ከባሕር ተጣርቶ ነው፤ ማጣሪያው የሚሠራው ደግሞ በነዳጅና በጋዝ ነው። የሽንት ቤቱ ገንዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ የሚያድረው ተቃጥሎ ያለቀ ነዳጅ ነው። ጎማዋን የሚቀይር ቧንቧ ሠራተኛ ለመጥራት ግን ስንት ልመና!

የኪራይ ሕጉ ደግሞ ለእኛ ታስቦ ወጥቶ ሌላ ጣጣ አመጣብን። በ1978ቱ ሕግ ቁጥር 35 መሠረት ባለቤቱ አምስት ዓመት ሳይሞላ ኪራይ መጨመር አይችልም። ጥሩ ሕግ ነው። መጨመር ያልቻለ ባለቤት ግን መጠገኑን ያቆማል። ሰልችቶን በራሳችን እንድንወጣ ይጠብቃል፤ ስንወጣ ቀለም ይቀባና ለሚቀጥለው ቤተሰብ በአዲስ ዋጋ ያከራያል።

ቤተሰብ ያልመሠረቱ ወገኖቻችን መከራማ ከኛ ይብሳል። የ1992ቱ ሕግ ቁጥር 125 በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ላጤ እንዳይከራይ ይከለክላል። አንዳንዱ ባለቤት ግን ክፍሉን በኮምፔርሳቶ ከፋፍሎ በድብቅ ያከራያቸዋል። ባላዲያው (ማዘጋጃ ቤቱ) ሲደርስበት መብራቱን ይቆርጣል፤ በጨለማና በሙቀት የሚቀሩት ተከራዮቹ ናቸው። በድብቅ የተከራየ ሰው ኤሲ ተበላሸብኝ ብሎ ለማን ያመለክታል? ሽቦው ሲግል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ መተላለፊያ ላይ ሲቆም፣ አይቶ ዝም ይላል።

የሚያንገበግበው ከኛም መካከል ባለቤት የሆኑ መኖራቸው ነው። እዚህ ለፍተው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የገዙ አሉ፣ እሰየው። ኪራዩን ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይሰበስባል። ተከራይዋ «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሮቶ አስገቡልኝ» ስትል ግን እዚህ እኛ የምንሰማው መልስ እዚያም ይደርሳታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ግን ቧንቧ አይጠግንም። ሐሪስ ደጅ ስንጠና የኖርን ሰዎች ለተከራያችን ስልክ ፈጥነን ማንሳት እንዴት ያቅተናል?

በቅርቡ ጎረቤቶች ተሰብስበን የሮቶውን ጥላ በራሳችን ገንዘብ እናሠራ ተባባልን። ቆርቆሮና ብረት ነው፣ ብዙም አይደለም። ለባለቤቱ በሐሪሱ በኩል አስነገርን። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «ማን ጣሪያ ላይ ውጡ አላቸው?» ብሎ የጣሪያውን በር በቁልፍ አስዘጋው። በፈረንጆቹ ሰኔ 12 ቀን 2024 መንጋፍ በተባለው የኩዌት ሰፈር ውስጥ ሃምሳ ገደማ ሠራተኞች ባለቁበት የእሳት አደጋ፣ ሸሽተው ወደ ላይ የወጡት የጣሪያውን በር ተቆልፎ እንዳገኙት መርማሪዎች ተናግረው ነበር። ይህንንም ለሐሪሱ ነገርነው። ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው አለን።