«አይከፈትም»

መካነ ሰላም ላይ ካሴት ቤት በነበረኝ ጊዜ አንድም ደንበኛ መጥቶ «ይህ ካሴት ለኔ ቴፕ አልተሠራም» ብሎኝ አያውቅም። ክሩን በላብኝ ያለ አለ። ገዝቶ ከሄደ በኋላ ሚስቱ ስላልወደደችው ገንዘቤን መልስ ያለ አለ። አንዱማ ዘፋኙ እኔን ነው የሰደበው ብሎ ሊከሰኝ ነበር። ነገር ግን ሶኒ ያለውም ይገዛል፣ ሳንዮ ያለውም ይገዛል፣ ናሽናል ያለውም ይገዛል፤ ስሙ የተፋቀ፣ እጀታው በሽቦ የተጠፈረ ቴፕ አንጠልጥሎ ከሳይንት የሚመጣውም ይገዛል። የባትሪ ድንጋዩ የደከመበት ሰው ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጣና ማታ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል፣ እየተጎተተም ቢሆን፣ ይሰማታል።

ዛሬ የልጅ ልጄ ካለበት ክፍል የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አይከፈትም»።

ይህ ልጅ አቀናባሪ ነኝ ይላል። እህል አኖርበት የነበረውን ክፍል ስቱዲዮ ብሎ ወስዶብኛል። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የእንቁላል ካርቶን ለጥፎበት እንግዳ በመጣ ቁጥር «ስንት ዶሮ አላችሁ?» እባላለሁ። ድምፅ ያፍናል ይለኛል፤ የጎረቤት ውሻ ግን በያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ይሁን፤ አገሩ የዘፈን አገር ነው። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የኛው የወሎ ቦታ ስም ነው። የወሎ ልጅ ዘፈን ሠራ ብዬ አልቆጣም። የተቆጣሁት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ግማሹን ሠርቶ የላከለትን ዘፈን አሰማኝ ባልኩት ዕለት ነው።

«አይከፈትም አባባ። እሱ የሠራበት ፕሮግራም እኔ ጋ የለም።»

«ታዲያ ጫነው!»

«ለኔ ዓይነት ኮምፒዩተር አልተሠራም። ፕሮግራሙን ለማግኘት ኮምፒዩተሩን መቀየር ነው ያለብኝ።» ትንሽ ዝም አለና በመስኮቱ ወደ ግቢ እያየ፣ «አንቱ፣ ያ ቀዩ በሬ ግን ዘንድሮ አላረጀም?»

አብሽር ልጄ፤ በሬው ደኅና ነው! ካንተ ኮምፒዩተር ይልቅ እሱ ብዙ ያገለግላል፤ ለሱ አዲስ ፕሮግራም ልጫን ያለኝም የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስጠይቅ ከረምኩ። የሙዚቃ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ለምን በሁሉም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም? ዊንዶውስ ያለው፣ ማክ ያለው፣ ሊኑክስ ያለው፣ ሁሉም ጆሮው አንድ አይደለም እንዴ?

ልጁ ሲያስረዳኝ፣ ሎጂክ የሚባለው ፕሮግራም ኢማጂክ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነበር፤ በማክም በዊንዶውስም ይሠራ ነበር። በሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. አፕል ኩባንያውን ገዛና የዊንዶውሱን በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አቆመው። አፕል ራሱ ሲናገር ከኢማጂክ ገቢ ከ65 በመቶ በላይ የሚሆነው ከማክ ነበር። ታዲያ የቀረው ገንዘብ ከፍሎ፣ ተምሮ፣ ዘፈኑን ሁሉ እዚያ ላይ ያስቀመጠ ባለ ዊንዶውስ አልነበረም? «ወይ ኮምፒዩተርህን ቀይር፣ ወይ ከዘፈንህ ተለያይ» ተባለ ማለት ነው። ዛሬም ሎጂክ የሚሠራው በማክ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በዚያው በአፕል አይፓድ ላይ ነው። እንጀራ እሸጥልሃለሁ፤ ግን ከኔ በገዛኸው መሶብ ካልሆነ አታቀርበውም እንደማለት ነው።

ልጁ ለፈረንጅ ጥብቅና መቆም ይወዳል። «አባባ፣ ሁለቱንም አንድ ኩባንያ ሲሠራቸው ይስማማሉ፤ አይጣሉም» ይለኛል። ይሄ እውነት አለው። ደግሞም ሥራው ቀላል አይደለም አለኝ። ዘፋኟ ማይክ ላይ የተነፈሰችው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ወደ ጆሮዋ በጥቂት ሚሊሰከንድ ካልተመለሰ የራሷን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይታ ትሰማና ምቱ ይጠፋባታል። ድምፁ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ደግሞ በየቤቱ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባል፣ ስታይንበርግ የተባለ ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው መንገድ አለ፣ ማክ ኮር ኦዲዮ አለው፣ ሊኑክስ አልሳ አለው። ፕሮግራሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ማለት መንገዱን እንደገና መጥረግ ማለት ነው፤ ተቀጥላ መሣሪያዎቹም አብረው ካልተሻገሩ ዘፈኑ ቢከፈትም ክራሩ የለም፣ ከበሮው የለም።

እሺ፣ ከባድ ነው። ግን የከበደው ትልልቆቹን ብቻ መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ሪፐር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የጀመረው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ ያ ወጣቱ ሁሉ ኤምፒ3 ይሰማበት የነበረውን ዊንአምፕን የሠራው ሰው። በእጅ ጣት በሚቆጠር ሰው ይሠራል ይባላል፤ በሦስቱም ቤት ይገባል፤ ዋጋውም ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። አርዱር አለ፤ ፖል ዴቪስ ከሊኑክስ ተነስቶ ማክና ዊንዶውስ ድረስ ያደረሰው። ኦዳሲቲ አለ፤ በነፃ፣ ለሁሉም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ቢት» የሚሠራበት፣ የቤልጂጎች ነው፤ 20 ዓመት ሙሉ የዊንዶውስ ብቻ ሆኖ ኖሮ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ማክ ላይ ገባ። ገብቶ ምን ሆነ? ቤልጂጎቹ ደኸዩ?

እኔ ይህን የምለው ካሴት ቤት ስለነበረኝ ነው። ካሴትን ያወጣው ፊሊፕስ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ አሳየው። መጀመሪያ ለሚሠሩት ሁሉ ሊያስከፍል ፈልጎ ነበር፤ ጃፓኖቹ፣ በተለይ ሶኒ፣ ቢጫኑት ፈቃዱን በነፃ ለቀቀው፤ «ልኩን ብቻ አታዛቡ» አለ። ጉዱን ያመጣው ይህ ነው። ልኩ አንድ በመሆኑ አዲስ አበባ መርካቶ የተባዛ ካሴት ደሴ ደርሶ፣ ከደሴ በጭነት መኪና ወደኛ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ማን እንደሠራው በማይታወቅ ቴፕ ውስጥ ገብቶ ይዘፍን ነበር። ፊሊፕስ ያኔ ካሴቱን ለራሱ ቴፕ ብቻ አስሮት ቢሆን ኖሮ ወሎ ሙሉ የአሰፋ አባተን ዘፈን የሚሰማው ፊሊፕስ ያለው ባለጠጋ ቤት ደጅ ቆሞ ነበር።

ስለ ኮፒ ጉዳይ እኔን አትጠይቁኝ፤ ካሴት ቤት ነበረኝ ብያለሁ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የኔ ቤት ከዚያ በፊት ነበር።

በኛው አገርም ዘፈን አንድ በር ብቻ ይኑረው የተባለበት ጊዜ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ ነበር፤ ለሌላ ለማንም። ከዚያ በፊት እኮ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአጼ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን ሸክላ ላይ አስቀርጸው መጥተዋል፤ ያንን ሸክላ የየትኛውም አገር ግራሞፎን ያዞረዋል። ከዚያ አገር ፍቅር በሩን ይዞ ተቀመጠ። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል ሸክላ ሻጭ ወጣት ተነሳና፣ እነሱ ካላሳተሙት እኔ አሳትመዋለሁ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። መዘዝ ይመጣል ያለው ሁሉ ጠበቀ፤ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የወጣውን ዘፈን ዛሬ ፈረንጁ ሳይቀር እየፈለገ ይገዛዋል። አንድ በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያየ አገር ነን፤ አሁን ደግሞ በር ጠባቂው አዋጅ ሳይሆን ባለ ኮምፒዩተሩ ሆነ።

የኛ ነገር ደግሞ ከፈረንጁ ይብሳል። ለሱ ኮምፒዩተር መቀየር ማለት የወር ደመወዝ ጉዳይ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላሩ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ60 ዶላሯ ሪፐር እንኳ እጥፍ ገደማ ሆነች፤ ሎጂክ በ200 ዶላር ሒሳቡን እናንተው ምቱት፤ ማኩ ግን በኔ አፍ ዋጋው አይጠራም፤ በሬው ይሰማል። ገንዘቡ ቢገኝስ በምን ካርድ ይከፈላል? ከዚያ ደግሞ በየጊዜው «ኢንተርኔት ላይ ገብተህ ባለቤት መሆንህን አረጋግጥ» የሚል ፕሮግራም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ነበር የጠፋው። ያን ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ለማን ይረጋገጣል? እኔ የልጁን ባለቤትነት በቃሌ ልመስክር ብል ማን ይሰማኛል?

አንድ ጊዜ ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት አንቺ ሆዬ ዘፈኑለት። እንዴት ያለ ድምፅ! ልጁ ደግሞ «አቃናሁት» ብሎ አሰማኝ። ድምፅ የሚያቃናው ኦቶ-ቲዩን በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ ከዚያ በፊት ከመሬት ውስጥ የሚመለስ ሞገድ እያሰላ ነዳጅ ለሚፈልጉ ኩባንያዎች ይሠራ ነበር አሉ። ነዳጅ ፈላጊ ሒሳብ የአሮጊቷን ስብራት ጉድጓድ መስሎት ቢደፍነው ምን ይደንቃል? ግን ከጉዳዬ ወጣሁ።

ጉዳዬ መክፈት ነው። እንግሊዝ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ሄደ ይባላል። ብራናው ዛሬ ለንደን መጻሕፍት ቤት ነው፤ ያስቆጫል፣ ያስለቅሳል። ግን ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ሄዶ ቢገልጠው ይነበባል! መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሌባ እጅ ሆኖ፣ «ይህ ብራና በዚህ ቤት አይሠራም» አላለም። የኔ ልጅ ዘፈን ግን ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም መድረስ አቃተው።

ይህን ስነግረው ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አሰበ መሰለኝ አንድ ነገር ነገረኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. ቢትዊግና ፕሪሶነስ የሚባሉ ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ዳውፕሮጀክት የሚባል የፋይል ዓይነት አውጥተዋል፤ በአንዱ የተጀመረ ሥራ በሌላው እንዲቀጥል፤ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። በኋላ ኩቤዝ የሚባለው ፕሮግራምም ተቀበለው። ሚዲ የሚሉትም እንዲሁ ነበር አለኝ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የጃፓን ኪቦርድ ሠሪዎች እንካ በእንካ ሳይሉ ተስማምተው ለሁሉም ለቀቁት፤ ያኔ ያወጡት እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው! እኔም ስለዚህ አቋሜን ትንሽ አላላሁ። አፕል መሶቡን ይያዝ፤ መሶቡ የሱ ነው። ፕሮግራሙ የግድ በየቤቱ ይግባ አልልም፤ ቢገባ ደስ ይለኛል። ከፕሮግራሙ የወጣው ዘፈን ግን የትም ይከፈት። ዘፈኑን የሠሩት እነሱ አይደሉማ።

ልጁም አሁን የሠራውን ሁሉ ድምፅ በድምፅ ለይቶ፣ ማሲንቆውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ፣ ዌቭ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣ አስምዬዋለሁ። ዌቭ የትም ይከፈታል። ሁለት ፍላሽ ላይ፤ አንዱ ሣጥኔ ውስጥ። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛውም እንዲሁ እንዲያደርግ አስነገርኩት፤ እሺ አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው ሲመጣ አገኘና ዘፈኑን በፍላሽ ላከልን።

ፍላሹን ሰካነው። ኮምፒዩተሩ አሰበ፤ አሰበና አንድ ነገር ጻፈ።

«ምን ይላል?»

«ፍላሹ በዚያኛው ዓይነት ኮምፒዩተር የተሰናዳ ነው አባባ። ይሄኛው አያነበውም። እና... ይጠይቃል።»

«ምን ብሎ?»

«ላጥፋውና እንደገና ላሰናዳው? እያለ ነው።»

«አይሆንም በለው! እጅህን አንሳ! አይሆንም የሚለው የቱ ጋ ነው? እሱን ተጫን፤ ኧረ እሱን አይደለም አንተ ልጅ፣ ሌላኛውን!»